ውርጭ ላይ ያደረው ፒዛ

ይድረስ ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እህቴ ለሰርካለም፤ ካለሽበት ኖርዌይ፣ በርገን ከተማ።

እንደምን ከርመሻል? ከብርዱ፣ ከማያባራው ዝናብ፣ ከሌሊት ሥራው ጋር እንዴት ይዞሻል? አመመኝ ያልሽው ወገብሽስ ተሻለሽ ወይ? የምትጦሪያቸው አረጋውያን እንዴት ናቸው? ያቺ ልትወጪ ስትይ እጅሽን ይዛ አልለቅም የምትለው ባልቴትስ ደኅና ናት? እኛ የመድኃኔ ዓለም ቸርነቱ አይጓደልብንና ሁላችንም ደኅና ነን። ያለፈው ዓመት ጭንቅ በሩቁ ሆኖ ዘንድሮ ገብሱ በሰላም ደርሷል፤ አገሩ ሁሉ አጨዳ ላይ ነው። ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብንም ብዬ እንዳልጽፍ የእናታችን የእማማ ወለተኪዳን ዓይን አለ። የቀኙ ጭራሽ አላይ ብሏል፤ ግራው ግን የሰው ነውር ለማየት ገና ብርቱ ነው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ስልክ ጠፍቶ አይደለም። ስልክ ባነሣሁ ቁጥር ልጅሽ ከጎኔ ናት፤ ጆሮዋም ከእኔ አፍ አይርቅም። አንቺም ገና «ጽናት» የሚለውን ስም ስጠራ ድምፅሽ ይሰበርና «እትዬ፣ ኔትወርኩ ነው» ትይኛለሽ። ኔትወርክ አፍንጫ እንደማያፍን እኔም አውቃለሁ። መምህር ገብረ አማኑኤል ለሥራ ደብረ ብርሃን ስለሚወርድ ከዚያ በፖስታ ቤት እንዲልክልኝ ለምኜዋለሁና፣ ሲደርስሽ ብቻሽን ሆነሽ፣ ጫማሽንም አውልቀሽ ተቀምጠሽ አንብቢው።

በመስከረም የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። «ጽናት አራተኛ ክፍል እስክትጨርስ አንቺው ጋ ትቆይልኝ፤ እዚህ የምታድገው ብቻዋን ነው» አልሽኝ። እኔም አስቤ እነግርሻለሁ አልኩሽ። ማሰቡ ከመስከረም እስከ ኅዳር ወሰደብኝ። መልሴን ከመንገሬ በፊት ግን የሆነውን ሁሉ ላጫውትሽ፤ ያለዚያ መልሴ አይገባሽም።

ልጅሽ ደኅና ናት። በነሐሴ ትተሽልን ስትሄጂ ከነበረችው አድጋለች፤ ጉንጯም በብርዱ ቀልቶ የመንዝ ልጅ መስላለች። እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል ገብታ ፊደሉን ከነዝርዝሩ ጨርሳዋለች። መጀመሪያ እማማን «አንቺ» እያለች ስታናግራቸው ጎረቤቱ ሁሉ ይስቅ ነበር። «ለትልቅ ሰው እርስዎ ነው የሚባለው» ብዬ ባስተምራት ይኸው አሁን ለበጉም ለውሻውም እርስዎ ትላለች። ባለፈው ውሻችን በሩ ላይ ተጋድሞባት «እባክዎ ከመንገዴ ይነሡልኝ» ስትለው ሰምቼ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ውሻው ግን ክብሩ ገባው መሰለኝ ተነሣላት።

አንድ ነገር ብቻ ገና ከመጣች ጀምሮ አላማረኝም ነበር። ከቀረበላት ሁሉ ግማሹን ታስተርፋለች። ዳቦ ከሆነ ከመሐሉ ቆርሳ፣ ከገበታም አብራን ስትበላ ድርሻዋን በዓይኗ ለክታ ታቆማለች። ያስተረፈችውን በሳህን ከድና የዕቃ መደርደሪያው ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ጠዋት ከሁላችን ቀድማ ተነሥታ ከፍታ ታየውና ምንም ሳትል መልሳ ትከድነዋለች። እማማ የሰው ዓይን ነው ብለው ጠበል አስጠመቋት። እኔ ወስፋት ነው ብዬ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ልጅቷ ምንም የላትም ብለው መለሱን። ታዲያ ምን ቀረ? የእኛ ምግብ አልጣማትም ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ተቀየምኩ። ስንት ነገር ሠርቼ ባቀረብኩላት ግማሹ ተከድኖ ሲያድር፣ ሰው ደጅ ቆሜ እንደተመለስኩ ይሰማኝ ነበር።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ከገበያ ተመልሰን እሳት ስንሞቅ እማማ ጠየቋት፤ «ለመሆኑ አገርሽ ምን ትበዪ ነበር?» አሏት። «ፒዛ» አለች። እሱስ ምንድን ነው ሲሏት ክብ ዳቦ እንደሆነ፣ ላዩ ላይ ቲማቲምና ፎርማጆ እንዳለው፣ ፎርማጆውም የአይብ ዘመድ ሆኖ ሲስቡት እንደሚለጠጥ አስረዳቻቸው። ሱፐርማርኬት ውስጥ ከሰው የሚበልጥ የበረዶ ሣጥን አለ፤ ፒዛው በካርቶን ሆኖ እዚያ ውስጥ ድንጋይ እስኪሆን ይቀመጣል፤ አንቺ ገዝተሽ ታመጪና እሷ ምድጃ ውስጥ ከትታ ታበስለዋለች። እማማን ታውቂያቸው የለ? እህል ሲነሣ እንቅልፋቸው ይጠፋል። «አንድ ዓይነት ነው ወይስ ዘር ዘር አለው?» ብለው ጠየቁ። ልጅሽ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቃት ሰው አግኝታ አታውቅም መሰለኝ፣ ተነሥታ ቆመች።

መጀመሪያ የቀዩን ካርቶን ወሬ አመጣች። እሱን አገሩ ሁሉ ይበላዋል አለች፤ ርካሽ ነው፣ የተፈጨ ሥጋና ቃሪያ አለው፣ ግን ቂጣው ራሱ ካርቶን ካርቶን ይላል፤ ቢሆንም ከበሉት በኋላ አይርብም። እማማም «እሱ እንግዲህ ጥቁር ገብስ ነው፤ ባይጣፍጥም ክፉ ቀን ያሳልፋል» አሉ። ቀጥሎ ቀጭኑ መጣ። ከዳር እስከ ዳር ስስ ነው፣ ፎርማጆው አራት ዓይነት ነው፣ አንደኛው ደግሞ የካልሲ ሽታ አለው፤ ውድ ስለሆነ ለልደቷ ነው የሚገዛው። «ውድ ሆኖ ስስ? የወፍ ገብስ ነው በይኛ!» ብለው እማማ ወዲያው ጣሉት። ከዚያ ካርቶኑ ላይ ባለ ጢም ሽማግሌ የተሳለበት አለ። መሐሉ ከቀዩ አይሻልም፣ እንጉዳዩም ያሟልጫል፣ ጠርዙ ግን እንደ ድፎ ዳቦ ያበጠ ነው። ከሁሉም እሱን እንደምትወድ ስትናገር ድምፅዋ ራሱ ተለወጠ። እማማም «በቃ፣ ከገብስ ሁሉ የሚጥመው ሰነፍ ቆሎው እሱ ነው» ብለው ፈረዱ። እኔም እያየሁ፣ አንዲት የስምንት ዓመት ልጅና አንዲት የሰማንያ ዓመት አሮጊት ዳኛ ሆነው ተቀምጠው፣ ተከሳሹን አንዳቸውም በዓይናቸው ሳያዩት ብይን ሲሰጡ ደስ አለኝ። ይቅርታ፣ አንዷስ አይታዋለች።

መጨረሻ ላይ ትንሿን አነሣች። ትንሿ የመዳፍ ሁለት እጥፍ ብቻ ናት፤ ካርቶኑ ላይም ለአንድ ሰው የሚል ተጽፎባታል። እማማ አልገባቸውም። «ለአንድ ሰው ማለት? ለበሽተኛ ነው?» አሉ። ለማንም ነው አለቻቸው። «ሰው ብቻውን እንዲበላው ተብሎ፣ ታስቦበት፣ የሚጋገር ምግብ አለ?» ብለው ደነገጡ። ከዚያም እንደ ልማዳቸው ሳያስቡት «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» አሉ። ልጅቷም «እናቴም እኮ ብቻዋን ነው የምትበላው፤ ብቻዋን ልትሞት ነው?» ብላ ጠየቀች። እማማ ምላሴን በቆረጠው ብለው አቀፏት፤ ተረት ነው፣ የድሮ ሰው ወሬ ነው እያሉ ቢያባብሏትም ከዚያ ወዲያ ስለ ፒዛ አላወራችም። የዚያን ቀን ራቷንም እንደ ወትሮው ግማሹን ከድና አስቀመጠች።

እማማ ነገሩ ከነከናቸው። «ልጅቷን አስደንግጫታለሁ፤ የነቢያት ጾም ሳይገባ ያንን ሰነፍ ቆሎውን መሥራት አለብን» አሉ። ጾም ከገባ አይብ የለምና ጊዜው አጭር ነበር። እኔ የስንዴ ዱቄት አቦካሁ፤ ጠርዙን ጠቅልዬ ጠቅልዬ አወፈርኩት። ቲማቲም ያለ በርበሬ አቁላላሁ፤ አይብ ከሞላሌ ገበያ ገዛሁ። ልናስጋግረው ስንነሣ ጽናት ከለከለች። «ገና ነው፤ በረዶ ሳይሆን ፒዛ አይደለም» አለች። ለእሷ እውነቷን ነው፤ በረዶ ያልነበረ ፒዛ በሕይወቷ አይታ አታውቅም። እኛ ግን አዋቂዎቹ ምን ነካን? ሊጥ ኩፍ ማለት እንዳለበት ሁሉ ይህም መቀዝቀዝ አለበት ብለን ያለ አንዳች ጥርጥር ተቀበልናት። እማማ ጭራሽ ደስ አላቸው። «ዓመት ዓመት ባቄላችንን የሚበላ ውርጭ ለአንድ ቀን እንኳ ይሥራልን!» አሉ።

ትሪውን ግቢው ካብ ላይ አሳደርነው፤ ድመት እንዳይደርስበት ወንፊት ደፍተን ድንጋይ ጫንንበት። የኅዳር ውርጭ ደግሞ አላሳፈረንም። ጠዋት ስንወጣ ከዳር እስከ ዳር ድንጋይ ሆኖ፣ አይቡ ላይ አመዳይ ተነስንሶበት አገኘነው። ጽናት በጥፍሯ መታ መታ አደረገችውና «ልክ ነው! ልክ እንደ እኛ አገር ነው!» ብላ ግቢውን ዞረችው። ከመጣች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ዳቦ ቤት ወዳላት ወደ ምንዳዬ ይዘን ስንሄድ ምንዳዬ ትሪውን አየችና «ይሄ ዳቦ ምን አጥፍቶ ነው ውጭ ያሳደራችሁት?» አለችን። ለካ የሚያቀዘቅዙት እንዳይበላሽ ነው እንጂ ፒዛ እንዲሆን አይደለም፤ ይህ የገባኝ ከፉርኖው ወጥቶ መሐሉ ጥሬ መሆኑን ሳይ ነው። አሁን ይህን ስታነቢ እንደምትስቂ አውቃለሁ። ሳቂ እህቴ፤ ከዚህ በታች ያለው አያስቅም።

ተሰብስበን ተቀመጥን፤ እማማ ባረኩት። «ጠርዙ ድፎ፣ መሐሉ ገንፎ፤ ሁለት ምግብ በአንድ ትሪ» ብለው አመሰገኑ። ለጽናት ጠርዙ የበዛበትን ትልቁን ቁራጭ ሰጠኋት። ጣፈጠኝ አለች። ዓይኗን ጨፍና ስትበላ አየኋት። ከዚያ ልክ ግማሹ ላይ ስትደርስ አቆመች፤ የቀረውን በሳህን ከደነችና ወደ መደርደሪያው ወሰደችው። ሰርካለም፣ ትዕግሥቴ አለቀ። «ይህን ሁሉ ለፍተን! ካልጣመሽ ጣፈጠኝ አትበዪ፤ እዚህ ቤት ማንም በውሸት አያመሰግንም» ብዬ ጮኽኩባት።

አላለቀሰችም። እንደ ትልቅ ሰው ረጋ ብላ «ይሄ የእኔ አይደለም፣ የእናቴ ነው» አለችኝ።

ከዚያ ቀስ በቀስ ነገረችን። አንቺ ማታ ሥራ ስትገቢ ፒዛዋን ታበስላለች፤ ከምድር ቤት ያለችው ኤርትራዊት ጎረቤታችሁ ብቅ ብላ ታያታለች፤ እሷም ግማሹን በልታ ግማሹን ከድናልሽ ትተኛለች። ጠዋት ስትነሣ አንቺ ገብተሽ ተኝተሻል፤ እንዳትቀሰቅስሽ በሩን አትከፍትም፤ ሳህኑን ብቻ ከፍታ ታያለች። ግማሹ ከሌለ እናቷ በሰላም ገብታለች ማለት ነው። ያኔ ቦርሳዋን አንሥታ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ባለ ሽማግሌውን የምትወደውም ለዚህ ነው፤ አንቺ ሁልጊዜ ጠርዙን ትተይላት የለ? ጠርዙ በወፈረ መጠን የምትተይላት ይበዛል። የአንድ ሰዋን ትንሿን ደግሞ የምትጠላት ለሁለት ስትከፈል ምንም ስለማይተርፍ ነው። አንድ ቀን አውቶቡስ ቀርቶብሽ አርፍደሽ ነበር አሉ፤ ግማሹን እንዳለ ስታገኘው ጫማዋን አድርጋ በር ሥር ተቀምጣ ጠበቀችሽ። አንቺም ገብተሽ ለምን ከትምህርት ቤት ቀረሽ ብለሽ ተቆጣሽ። ምክንያቷን አልነገረችሽም፤ የምታውቂ መስሏት ነው። አንቺ ደግሞ «ልጄ አትበላልኝም፣ ሁሌ ታስተርፋለች» እያልሽ በስልክ ታማርሪልኝ ነበር። ሁላችንም አንድ ነገር አይተን ሁላችንም ሳንረዳው ኖርን።

«እዚህ እኮ እናትሽ አትመጣም፤ ታዲያ ለማን ነው የምታስቀምጪው?» አልኳት። «እንደማትመጣ አውቃለሁ» አለችኝ፤ «ግን የእሷን ብበላባት እዚያ ምን ትበላለች?» እማማ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። እኔ ውኃ ልቅዳ ብዬ ወጣሁና ካቡን ተደግፌ አለቀስኩ። እንስራው ሙሉ ነበር፤ ማንም ግን አልጠየቀኝም።

አሁን ሳልደብቅ አንድ ነገር ልጻፍልሽ። ጽናት እንድትቀርልኝ ፈልጌ ነበር። እኔ አልወለድኩም፤ ይህን አገር ያውቀዋል፣ እንደሚያመኝ ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በመስከረም አፌ ላስብበት ሲልሽ ልቤ ያኔውኑ እሺ ብሎ ነበር። ለእንጨት ሠራተኛው ለይሥሐቅ አልጋ አዘዝኩላት፤ ራስጌው ላይ ስሟን አስቀረጽኩበት። ክፍል ውስጥ ተሳስታ «እማዬ» ብላ የጠራችኝ ጊዜ ጠመኔው ከእጄ ወድቆ ነበር፤ ልጆቹ ሲስቁ እኔም አብሬ የሳቅኩ መሰልኩ። እንዲህ ሆኜ ነው መልሴን የምጽፍልሽና፣ ከብዳኝ ወይም ሰልችታኝ እንዳይመስልሽ። የምመልስልሽ ከምፈልገው ከራሴ እጅ አውጥቼ ነው።

መልሴ ይህ ነው፦ አላስቀራትም። ነይና ውሰጃት።

ብቻዋን ነው የምታድገው ብለሽኝ ነበር። ብቻዋን ቢሆን ኖሮ አልሰጥሽም ነበር። ግን ብቻዋን አይደለችም፤ አንቺም አይደለሽም። አንቺ ጎሕ ሲቀድ የምትበዪው ተከድኖ ይጠብቅሻል፤ እሷ ስትነሣ ጠርዝ ተትቶላታል። ሳትተያዩ አንድ ገበታ ስትበሉ የኖራችሁ ናችሁ። እኛ እዚህ ሙሉ መሶብ ከበን ተቀምጠን ያን ያህል ለመተሳሰባችን እርግጠኛ አይደለሁም። ልጅቷ የአንቺን ግማሽ ይዛ እዚህ እስካለች ድረስ ጠግባ አታድርም፤ እኔም እያወቅሁ ጎኗን አጉድዬ ላሳድጋት አልችልም።

የምትሠሪው ለማን እንደሆነ ጠፍቶን አይደለም። ለእኛ የምትልኪው ገንዘብ፣ የጣሪያ ማሠሪያውም ጭምር፣ ይቅርብን። የእማማ ጣሪያ አንድ ሁለት ክረምት ይችላል፤ ካልቻለም እኔ ደመወዝተኛ ነኝ፣ እናታችንን ዝናብ አላስመታም። አንቺ ከሌሊቱ ሥራ ቀንሺና ማታ ማታ ከልጅሽ ጋር ተቀመጪ፤ ካርቶን ካርቶን ቢልም አብራችሁ ስትበሉት ይጣፍጣል። አልጋዋ አልባከነም፤ ክረምት ክረምት እየመጣች ትተኛበታለች። እኔም ተቆጥቼባት የተናገርኩትን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ «ምንም አይደል፣ እርስዎ አላወቁም ነበር» ብላኛለች። አሁን ግማሹን ስትከድን ማንም አይናገራትም፤ ሳህኑንም እኔው አቀብላታለሁ። እንደምትመለስ ግን ገና አልነገርኳትም። ያንቺን ቃል ሳልሰማ ልቧን አላንጠለጥልም፤ ስለዚህ ደብዳቤው እንደደረሰሽ ደውዪና ለእሷው ራስሽ ንገሪያት። ድምፅሽ ቢሰበርም ይሰበር፤ ኔትወርክ ነው አትበያት።

እማማ ወለተኪዳን «ብቻውን የበላ ያልኩትን እግዚአብሔር ከአፌ አይቀበለኝ፤ ማርያም ትጠብቅሽ፣ ስትመጪ ጉልበቴን ሳትስሚ ልጅሽን ሳሚ» ብለውሻል። ምንዳዬ ለጥምቀት ከመጣሽ ለልጅሽ የሚበላ ፒዛ እጋግርላታለሁ፣ ውጭ ያላደረውን፣ ብላሻለች። መምህር ገብረ አማኑኤል ሰላም ብሎሻል፤ ይሥሐቅም እንዲሁ። ጽናት አሁን ከአጠገቤ ተኝታለች፤ ጸጉሯን እኔው አክስቷ ሠርቻታለሁ፣ ጥሩ ሆኗል።

እኔም በተራዬ እንደ ወጉ የቤትሽን ሰው ሁሉ በየስሙ እየጠራሁ ሰላም በይልኝ ልልሽ ነበር፤ ብዕሬ እዚያ ላይ ደርሶ ቆመ። በአንቺ ቤት የምጠራው ስም አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ቤት ተኝቷል። ነይና ውሰጃት፤ ደብዳቤ ስጽፍልሽ ሰላም የምለው ሰው በቤትሽ ይኑር።

እህትሽ ጥሩሸዋ
ሞላሌ፣ ኅዳር ፳፪ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም.